ልጆቻችንን ለመመለስ የተስማሙ መንግሥታት ቤዛ ተቀባዮችንም ለመያዝ ይስማሙ

ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከቤተሰቦቻችን በቤዛ ስለሚወሰደው ገንዘብና መንግሥታት በወንጀል ምርመራ ሊያደርጉት ስለሚገባው ትብብር

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከደቡብ ወሎ ዞን፣ ከቃሉ ወረዳ፣ ከሐርቡ ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትመጡ ከሚሴን አልፋችሁ ኮምቦልቻ ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት፣ ሙቀቷ የሚያስታውቅ ከተማ ናት። ብዙዎቻችሁ በሥራ ጉዳይ አልፋችሁባታል። በእኛ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ዓረብ ሀገር ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ከምታዩት የብሎኬት ቤት ብዙው በሪያድና በጅዳ በፈሰሰ ላብ የቆመ ነው። ይህን አልክድም። ስደት ያበላቸው፣ ታናናሾቻቸውን ያስተማሩበት፣ ወላጆቻቸውን ለሐጅ ያበቁበት አሉ። የምጽፍላችሁ ስለ ሌሎቹ ነው።

የእኛ አገር ቅሬ የተቋቋመው ለቀብር ነው። ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ያስቆፍራል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ሥራ ተጨመረበት። ከየመን ስልክ ይደወላል። የጎረቤት ልጅ ተይዟል፤ ገንዘቡ በቶሎ ካልተላከ ይሞታል ይባላል። አባት በሬውን ሸጦ፣ መሬቱን አኮናትሮ፣ አራጣ ተበድሮም ሳይሞላለት ሲቀር ወደ ሠፈሩ ይመጣል። ቅሬው ይሰበሰባል፣ ያዋጣል። ለሞተ ሰው ይወጣ የነበረ መዋጮ በሕይወት ያለ ልጅ መግዣ ሆነ። አምና ለአንዱ ያዋጣው ሰው ዘንድሮ ለራሱ ልጅ ሲለምን አይቻለሁ።

የስደቱን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ከላይ ሲያዩትና ከታች ሲያዩት ግን አንድ አይደለም፤ ስለዚህ እኛ እንደምናየው ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሠፈር ደላላ አለ። ባዕድ ሰው አይደለም፤ ሰርግ የሚጠራ፣ ለቅሶ የሚደርስ ነው። ድሮ ገንዘብ ይዞ ለመጣ ነበር የሚያገናኝ። አሁን «ሂድ ብቻ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» ማለት ጀምሯል። ይህች ቃል ናት ትምህርት ቤቶቻችንን የምታራቁተው። ሳንቲም የሌለው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለአባቱ ሳይናገር፣ ደብተሩን ለጓደኛው ሰጥቶ ይሄዳል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ይወርዳል፤ በሎጊያ አድርጎ ጋላፊ ከመድረሱ በፊት ከመኪና ይወርድና ድንበሩን በእግሩ ያቋርጣል። ከዚያ በጅቡቲ ሐሩር፣ በአሳል ሐይቅ አካባቢና በታጁራ በኩል ወደ ኦቦክ ይዘልቃል። በዚያ መንገድ ላይ በውኃ ጥም የቀሩትን የቀበራቸው አብሯቸው የነበረ ልጅ ነው፤ ጊዜ ካገኘ። ከኦቦክ በላይ ካለው ባሕር ዳርቻ በሌሊት ጀልባ ላይ ይጫናል፤ ባሕሩን ከተሻገረ የመን ውስጥ ላሕጅ ወይም አብያን ወይም ሻብዋ ይጣላል። በጅግጅጋ ዞሮ በሶማሊያ ምድር ቦሳሶ የሚወጣም አለ።

በየማረፊያው ልጁ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ያልፋል። አሳማኙ የእኛ ሰው ነው። ጀልባውን የሚነዳው የባሕር ማዶ ሰው ነው። መሣሪያ ይዞ የሚጠብቀው የመናዊ ነው። በአማርኛና በኦሮምኛ የሚጠይቀው፣ «የእናትህን ቁጥር አምጣ» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ የሚደበድበውም የራሳችን ልጅ ነው። ገንዘቡን የሚቀበለው ደግሞ እዚሁ አገር ውስጥ የባንክ ሂሳብ ያለው ሰው ነው፤ ካልሆነም ሳዑዲ ካለ ወንድም ወይም እህት በሐዋላ የሚወስድ ሰው አለ። አንድ ወንጀል ነው፤ አራት አገር ላይ ተበትኖ የተቀመጠ አንድ ወንጀል። እያንዳንዱ አገር በእጁ ያለችውን ቁራጭ ብቻ አይቶ «ይህች ትንሽ ናት» ይላል።

የመን ሲደርሱ «ስትደርስ ትከፍላለህ» የተባለው ቃል ይፈጸማል። ስደተኞቹ ሆሽ ወደሚሉት የታጠረ ግቢ ይገባሉ። እዚያ ልጁ እየተገረፈ እናቱ በስልክ ትሰማለች። የቀለጠ ፕላስቲክ ጀርባው ላይ የፈሰሰበትን ተመላሽ በዓይናችን አይተናል፤ ሴቶቹ ላይ የሚደረገውን ሴቶቹ ራሳቸው እንኳ ለእናታቸው አይናገሩም። በዋትሳፕ የሚላከውን ድምፅ የሰማች እናት የተጠየቀችውን ትከፍላለች። መንግሥትን መጠየቅ አይታሰባትም፤ ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

ከከፈለች በኋላ እጇ ላይ የምትቀር ነገር አለች፤ የባንክ ደረሰኝ። ደረሰኟ ላይ የተቀባይ ስም አለ፣ የሂሳብ ቁጥር አለ፣ ቅርንጫፍ አለ፣ ቀን አለ። በስልኳ ውስጥ ከየመን የደወለው ቁጥር አለ፤ የተላከላት የልጇ ጩኸት አለ። ማንም መርማሪ በእንዲህ ያለ ወንጀል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ሊመኝ አይችልም። እንዲህ ያለ ደረሰኝ በሐርቡ፣ በደጋን፣ በኮምቦልቻ፣ ከፍ ስንልም በሐይቅና በውርጌሳ በስንት ቤት ሣጥን ውስጥ እንዳለ ብትሰበስቡት ትደነግጣላችሁ። እስካሁን መጥቶ «እስቲ አሳዩን» ያለን የለም። እኔ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚህች ደረሰኝ ነው።

መንግሥታት አልተባበሩም አልልም። ተባብረዋል፤ የተባበሩት ግን በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆቻችንን በመመለስ። ሳዑዲ ዓረቢያ በኅዳር 2006 ዓ.ም. የጀመረችው ማባረር ጥቂት ወራት ውስጥ 160 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያንን ወደ ቦሌ አመጣ። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ 100 ሺህ ያህል ዜጎች እንዲመለሱ ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ። ለዚያ ስምምነት ልዑካን ተመላለሱ፣ በረራ ተመደበ፣ ኤምባሲው የጉዞ ሰነድ (ሊሴ ፓሴ) አዘጋጀ፣ ቦሌ ላይ ብርድ ልብስና ምግብ ቀረበ። ዜጋን ከእስር ቤት አውጥቶ ወደ አገሩ ማምጣት መልካም ሥራ ነው፤ ላደረጉት ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከእነዚያ ሁሉ ተመላሾች ውስጥ ግን በየመን የተገረፈበትን ግቢ ቦታ፣ የገረፈውን ሰው ስም፣ ቤተሰቡ የከፈለበትን ሂሳብ የተጠየቀ ስንት ነው? በአንድ አውሮፕላን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዓይን ምስክሮች ተቀምጠው መጥተው፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጥቷቸው በየአውቶቡሱ ተበተኑ። የተጎዳውን ሰው ለመመለስ ሁለት መንግሥታት በሳምንታት ይግባባሉ፤ የጎዳውን ለመያዝ ግን ዓመታት አልበቁም።

ይህ የሆነው ሕግ ስለሌለ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ድንበር ተሻጋሪ የተደራጁ ወንጀሎችን ለመከላከል ያወጣው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው ለፊርማ የተከፈተው፤ የተከፈተበትም ከተማ የጣሊያኗ ፓሌርሞ ናት። ፓሌርሞ የተመረጠችው በከንቱ አይደለም። ዳኛ ጆቫኒ ፋልኮኔና ዳኛ ፓኦሎ ቦርሴሊኖ እ.ኤ.አ. በ1992 በሁለት ወር ልዩነት በማፊያ ቦምብ የተገደሉት በዚያች ከተማና በአቅራቢያዋ ነው። ፋልኮኔ የማፊያን ሰንሰለት የፈታው በተኩስ አልነበረም፤ የባንክ ሰነዶችን፣ ቼኮችን፣ የገንዘብ ዝውውሮችን እየተከተለ፣ ባሕር ማዶ ካሉ የአሜሪካ ዐቃብያነ ሕግ ጋር እየተጻጻፈ ነበር። በሐርቡ እናት ሣጥን ውስጥ ያለችው ደረሰኝ እርሱ ይፈልጋት የነበረችው ዓይነት ናት።

ኢትዮጵያ ያንን ስምምነት በ1999 ዓ.ም. አጸደቀች፤ የሰዎች ንግድንና የስደተኞችን ሕገ ወጥ ዝውውር የሚመለከቱትን ሁለቱን ፕሮቶኮሎች ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ተቀበለች። ጅቡቲ የስምምነቱ አባል ናት። ሳዑዲ ዓረቢያ አባል ናት። የመን አባል ናት። ሱዳንና ሊቢያም አባል ናቸው። ልጆቻችን የሚያልፉበት መንገድ ላይ ካሉ አገሮች አብዛኞቹ ስምምነቱን ተቀብለው የተቀመጡ ናቸው። አንቀጽ 16 ወንጀለኛን አሳልፎ ስለ መስጠት፣ አንቀጽ 18 በማስረጃ ስለ መረዳዳት፣ አንቀጽ 19 በጋራ ስለ መመርመር ይናገራሉ። አንቀጽ 14 የተወረሰ ገንዘብ ለተጎጂዎች ካሳ እንዲውል ለጠየቀው አገር ስለ መመለስ ቅድሚያ እንዲሰጥ ይላል። በቀጣናችን ደረጃም ኢጋድ እ.ኤ.አ. በ2009 በወንጀል ጉዳይ ስለ መረዳዳትና ወንጀለኛ ስለ መለዋወጥ ያወጣቸው ሁለት ስምምነቶች አሉት። አገራችን ስለ ሰዎች ንግድና ስለ ስደተኞች ሕገ ወጥ ዝውውር አዋጅ ቁጥር 909/2007ን፣ ኋላም እርሱን የተካውን አዋጅ ቁጥር 1178/2012ን አውጥታለች። ሕጉ ሞልቷል፤ የጎደለው አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህንን ሂሳብ ማን ከፈተው? ወዴት ሄደ? ጅቡቲ ያለው ተቀባይ ማን ነው?» ብሎ ለሌላው አገር ደብዳቤ መጻፉ ነው።

መንግሥታት ሲፈልጉ እንደሚችሉ ደግሞ አይተናል። ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያምና ዋሊድ እየተባለ የሚጠራው ተወልደ ጎይቶም የሚባሉ ሁለት ኤርትራውያን በሊቢያ በኒ ዋሊድ ስደተኛ እያጎሩ፣ እያሰቃዩ፣ ቤተሰቡን እያስከፈሉ ዓመታት ኖረዋል። የተያዙት አዲስ አበባ ላይ በ2012 ዓ.ም. ነው። ኪዳነ እንዴት እንደተያዘ አስቡት፤ ሊቢያ በእጁ ላይ የወደቀ አንድ ተጎጂ አዲስ አበባ መንገድ ላይ አይቶት አወቀው፤ ለፖሊስ ተናገረ። የተራቀቀ የስለላ መሣሪያ አልነበረም ያስያዘው፤ የተጎጂ ዓይን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። ኪዳነ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ለችሎት እንደመጣ አምልጦ ጠፋ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እየፈሩ የመሰከሩበት ልጆች ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው እኔ አልነግራችሁም። ተወልደ 18 ዓመት ተፈረደበት፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ኢትዮጵያ ለኔዘርላንድ አሳልፋ ሰጠችው። ኪዳነም አልቀረም፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መሪነት፣ በኢንተርፖል አገናኝነት ሱዳን ውስጥ ተያዘ። የኤምሬቶቹ ፖሊስ የደረሰበት የገንዘቡን ዝውውር ሲከታተል ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ ኔዘርላንድ ያለውን ነገር በደንብ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ኔዘርላንድ ከበኒ ዋሊድ ምን አገናኛት? ግርፋቱ የተፈጸመው ሊቢያ ነው፤ ገራፊው ኤርትራዊ ነው። የኔዘርላንድ ዐቃቤ ሕግ ያለው ግን ይህ ነው፦ ቤዛውን የከፈሉት ቤተሰቦች የሚኖሩት በእኛ አገር ነው፤ ስለዚህ ወንጀሉ የተፈጸመው እኛም አገር ነው። ከዚያ ተነሥተው ከጣሊያን፣ ከብሪታንያ፣ ከስፔንና ከዩሮፖል ጋር የጋራ የምርመራ ቡድን አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግም ተቀላቀላቸው።

እኛም እንደዚያ እንላለን። ቤዛው የተከፈለው በሐርቡ ነው፤ ድምፁን የሰማችው እናት ያለችው በሐርቡ ነው፤ ገንዘቡ የወጣው እዚህ ነው። ስለዚህ የወንጀሉ ሥፍራ ላሕጅ ብቻ አይደለም፣ ሐርቡም ናት። የመን በጦርነት ፈርሳለች፣ ሰንዓና ሳዕዳ በአንድ እጅ፣ ዓደን በሌላ እጅ ናቸው፣ ከማን ጋር እንተባበር የሚል መልስ እንደምትሰጡ እገምታለሁ። መልሱ ለአንድ ቁራጭ እውነት ነው። የመን ገብታችሁ ሆሹን ስበሩ አላልኩም። ገንዘቡ ግን የመን ውስጥ አይከፈልም። እዚህ ይከፈላል፣ ሳዑዲ ይከፈላል፣ ጅቡቲ ያልፋል። እነዚህ ሦስት አገሮች መንግሥት አላቸው፣ ፖሊስ አላቸው፣ ባንክ አላቸው፣ እርስ በርስም ኤምባሲ አላቸው። ያለ ገንዘብ ተቀባይ የሚንቀሳቀስ ሆሽ የለም።

ለጅቡቲ ጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር። ወደባችን እርሷ ናት፤ በየቀኑ በሺህ የሚቆጠሩ የእኛ መኪናዎች የሚመላለሱባት፣ ብዙ የሚያስተሳስረን ጎረቤት ናት። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አካባቢ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች በጎዶሪያ ባሕር ዳርቻ ተገልብጠው በደርዘን የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አለቁ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በየመንና በጅቡቲ ባሕር አራት ጀልባዎች ተገለበጡና ከ180 በላይ ሰው ደብዛው ጠፋ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ አብያን ዳርቻ ከ150 በላይ ሰው የጫነች ጀልባ ሰጠመች፤ ከተሳፋሪው አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ነበር፣ የተረፈው ጥቂት ነው። ከእነዚህ ጀልባዎች የአንዷ እንኳ ባለቤት ስም ተነግሮን አያውቅም። ከጅቡቲ ጋር የጭነት ታሪፍ ስንነጋገር የምናሳየው ትጋት፣ ስለ ጀልባ ባለቤቶችም ቢታይ ነውር አይሆንም።

መንገዱ ምሥራቅ ብቻ አይደለም፤ ወደ ደቡብ የሚወርድም አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. ማላዊ ውስጥ የጅምላ መቃብር፣ ዛምቢያ ውስጥ ሉሳካ አጠገብ መንገድ ዳር የተጣሉ አስከሬኖች ተገኙ። ልጆቻቸው በዚያ መንገድ የሚሄዱባቸው የሐዲያና የከንባታ እናቶች ልቅሶ ከእኛ ልቅሶ አይለይም፤ የምጠይቀው ለእነርሱም ነው።

ወደ ሳዑዲ ድንበር ልምጣ፤ ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በየመን ድንበር እንደገደሉ ገለጸ። ሳዑዲ ክሱን አስተባበለች። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራችን በዚያው ሳምንት ከሳዑዲ ባለሥልጣናት ጋር በጋራ አጣራለሁ ብሎ ለሕዝብ ተናገረ። ልጆቻቸው ከዚያ ድንበር ያልተመለሱላቸው ቤተሰቦች በእኛም አካባቢ አሉ። የማጣራቱ ውጤት እነርሱ ዘንድ አልደረሰም። ደላላው ወደ ድንበሩ ነድቶ፣ ጠባቂው ተኩሶ፣ እናትየው በመካከል ዝም ተባለች። ቃል የገባችሁትን ማጣራት ምን እንዳገኘ ለሕዝብ ንገሩ፤ አልተጣራም ከሆነም አልተጣራም በሉ። ለስንት ዓመት «ይመጣል» እያለች በር ላይ የምትቀመጥ እናት ቢያንስ ሰላተል ጋኢብ አሰግዳ ወይም ፍትሐት አስፈትታ ልቧን ታሳርፍ።

አሁን ለራሳችን፣ ለቃሉ ሰዎች የምለው አለ፤ ይህንንም በአደባባይ የምጽፈው ችግሩ ሁሉ አዲስ አበባ ነው እንዳይባል ነው። የሠፈር ደላላ ሲያዝ ሽማግሌ ይላካል። ከወሰደው ላይ ጥቂቱን እንዲመልስ ይደረግና ቤተሰቡ ክሱን ይተዋል፤ ምስክሩም ችሎት ሲቀርብ «ሰውየውን አላውቀውም» ይላል። ሽምግልናችንን አከብራለሁ። አበጋሮቻችን ደም ሲያደርቁ፣ መንደር ከመንደር ሲያስታርቁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ይህ ግን በሁለት ቤተሰብ መካከል ያለ ቂም አይደለም። ደላላውን ስናስታርቅ የምናስታርቀው ከአንድ አባት ጋር ነው፤ ነገ የሚወስዳቸው የሌሎች አባቶች ልጆች ግን በዚያ እርቅ ላይ አልተቀመጡም። ቀድሞ ወንጀል ሲሠራ አውጫጭኝ ይደረግ ነበር፤ አገሬው ተሰብስቦ ሌባው ሳይታወቅ አይበተንም ነበር። ዛሬ ሌባው እየታወቀ እንበተናለን።

ሰው ለምን እንደሚሸሽ ግን እወቁልን። አንደኛ ይፈራል፤ ታናሽ ወንድሙ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ደላላው ቢነካ ልጁ በረሃ ላይ ይጣላል። ሁለተኛ፣ ገንዘብ የከፈለ አባት ራሱን የወንጀሉ ተባባሪ አድርጎ ያያል፤ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ የሚታሰር ይመስለዋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የስደተኞች ሕገ ወጥ ዝውውር ፕሮቶኮል በአንቀጽ 5 ስደተኛው በሕገ ወጥ አዘዋዋሪዎች በመወሰዱ ብቻ በፕሮቶኮሉ መሠረት በወንጀል እንደማይጠየቅ ይናገራል፤ ይህን ግን በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ የነገረን የለም። ምስክር ሆኖ የቀረበ ደግሞ የአውቶቡሱን ከኪሱ ከፍሎ፣ ቀጠሮ ተለወጠ እየተባለ ተመላልሶ፣ ሥራው ተበላሽቶ ይመለሳል። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ከወጣ ከ10 ዓመት በላይ ሆነው፤ በዚህ አዋጅ ተጠበቀ የተባለ የመንደር ሰው እኔ አላየሁም።

ሥራ ስጡና አይሄዱም የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንቱ ልጅ ከመንገድ ተመልሶ ነበር! በ2014 ዓ.ም. ግን የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ አገራችንን ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድሏ ከአጎዋ አስወጣች። የሥራው ነገር ብዙ ዓመት የሚፈጅ ነው፣ ይሠራ። ልጅ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ግን ገራፊው በነጻ ይኑር ማለት አይደለም።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይህ ነው። ፍትሕ ሚኒስቴርና ፌዴራል ፖሊስ በኮምቦልቻ ወይም በደሴ የቤዛ አቤቱታ የሚቀበል፣ ዐቃቤ ሕግና መርማሪ አብረው የተቀመጡበት አንድ ቢሮ ይክፈቱ። ሥራው ትምህርትና ቅስቀሳ አይሁን፤ ደረሰኝ ተቀብሎ መመዝገብ፣ የድምፅ መልእክቱን መገልበጥ፣ በዚያኑ ቀን የፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎትን ጠይቆ ሂሳቡን ማሳገድ ይሁን። ልጁ ገና በእጃቸው ያለ ቤተሰብ ሲመጣ ደግሞ ማገዱ ልጁን እንዳያስገድል ጥንቃቄ የሚያውቅ ሰው ይቀመጥበት። አንድ የሂሳብ ቁጥር ከሐርቡም፣ ከመርሳም፣ ከጅማም ቤዛ ሲቀበል የኖረ ሆኖ እንደሚገኝ አልጠራጠርም፤ ይህ የሚታወቀው ደረሰኞቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ነው። ቤዛ የከፈለ ቤተሰብ ተጎጂ እንጂ ተባባሪ እንዳልሆነ በጽሑፍ አውጁልን።

ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሳዑዲ ጋር ስለ ተመላሾች ሌላ ስምምነት ሲፈራረም አንድ አንቀጽ ይጨምር፤ ተመላሹ ፈቃደኛ ከሆነ ቃሉን ይስጥ፣ ሳዑዲ ውስጥ ከዘመዶቹ ቤዛ የተቀበሉ ሰዎች ስም ለዚያ አገር ዐቃቤ ሕግ ይተላለፍ፣ መልሱም በተወሰነ ጊዜ ይምጣ። ከጅቡቲ ጋር በፓሌርሞው ስምምነት አንቀጽ 19 መሠረት የጋራ የምርመራ ቡድን ይቋቋም፤ ሳዑዲም ትግባበት። ወንጀለኛው ዜግነቱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ሕጋችን ለሌላ አገር አሳልፎ መስጠትን አይፈቅድም፤ እንግዲያውስ ማስረጃው ከውጭ ይምጣና እዚሁ ይዳኝ። ከወንጀለኞች የተወረሰ ንብረት ሲኖር ስለ ሰዎች ንግድ የወጣው አዋጅ ለተጎጂዎች ማቋቋሚያ ያለው ፈንድ ውስጥ ገብቶ በሬውን ለሸጠው ገበሬ ይድረስ። በሬ ከሌለው አባት ቤት ሁለተኛው ልጅ ይሄዳል፤ ይህን እያየን ነው።

በየዓመቱ መጨረሻ ደግሞ አንድ ቁጥር ንገሩን። ስንት ሰው መለሳችሁ የሚለውን እናውቃለን፣ ዜና ይነግረናል። ስንት የመረዳዳት ጥያቄ ለጅቡቲና ለሳዑዲ ጻፋችሁ? ስንቱ ተመለሰ? ስንት ሂሳብ ታገደ? ስንት ብር ለተጎጂ ደረሰ?

ለቃሉ፣ ለደዋ ጨፋ፣ ለባቲ፣ ለወረባቦ፣ ለተሁለደሬና ለሐብሩ ቤተሰቦችም አንድ ቃል አለኝ። ቢሮው እስኪከፈት አትጠብቁ። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ፤ ከጠፋባችሁ ባንኩ የሂሳብ መግለጫ ይሰጣችኋል። የደወለውን ቁጥር ጻፉት፣ የተላከውን ድምፅ ከስልካችሁ አታጥፉት፣ ቀኑን መዝግቡ፣ ደላላው ማን እንደነበረ ልጃችሁ ሲመለስ ጠይቃችሁ በወረቀት አስፍሩ። የቅሬ ዳኞችም ለቤዛ ያወጣችሁትን በመዝገባችሁ ላይ ለማንና መቼ እንደወጣ ጻፉ። ይህን ይዘን በጋራ ለፍትሕ ሚኒስቴር እናመለክታለን፤ የአንድ ሰው አቤቱታ ይጠፋል፣ የአንድ ወረዳ ቅሬዎች ፊርማ ያለበት አቤቱታ ግን መልስ ይጠይቃል።

ከአክብሮት ጋር
የሐርቡ ከተማ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ፣ ባሕር ዳር
ለደቡብ ወሎ ዞን አስተዳደር፣ ደሴ
ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ አዲስ አበባ
በቃሉ ወረዳ ለሚገኙ ቅሬዎች